ሰቆጣ የተላኩት ሽማግሌዎች

«ዓቢይ ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ካልላክህ አባዬ ለሌላ ሰው እሺ ሊል ነው» ብላ ማስተዋል ከሰቆጣ ደወለችልኝ።

ማስተዋል ደብረ ብርሃን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትሠራ ነው የተዋወቅነው። አባቷ ሲታመሙ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔ ብረት በያጅ ነኝ፤ ሰው ፊት ለፊት ማነጋገር አይሆንልኝም። ከእሷ ጋር እንኳ መጀመሪያ ያወራነው የተከራየችውን ቤት በር ስበይድላት ነው። እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ብረቱን እያየሁ እመልሳለሁ። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ የሚባለው ወግ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ሰው ይናገርልሃል፤ አንተ ራቅ ብለህ ትጠብቃለህ።

ችግሩ መንገዱ ነው። ሽማግሌ አንዴ ሄዶ አይጨርስም። መጀመሪያ «ከዘመድ እንማከር» ተብሎ ይሸኛል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ደግሞ ይሄዳል። መልስ እስኪያገኝ ድረስ በልጅቷ ቤት አይበላም፣ አያድርም። ትልልቅ ሰዎችን ይዤ በማላውቀው ከተማ አልጋ ፍለጋ ላንከራትታቸው ነው?

መላውን ያገኘሁት እዚያው ሥራ ቦታዬ ላይ ነው። አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ያረጀ ቅጥቅጥ አይሱዙ አምጥቶልኝ፣ «ወንበሮቹን ነቃቅለህ ቤት አድርጋት፤ ፈረንጅ ይዤባት ሰሜንን አዞራለሁ» ብሎኝ ነበር። አራት አልጋ በየድኩላት፣ የጋዝ ምድጃ አስገባሁ፣ ጣራዋ ላይ የውኃ በርሜል አሰርኩ። መጋረጃውን ማስተዋል ናት የሰፋችው። ሳያልቅ ጦርነቱ መጣ፤ ፈረንጅም ቀረ። መኪናዋ ከግቢው ጥግ ቆማ አቧራ ጠጣች። ጦርነቱ ቆሞ መንገዱ በተከፈተበት በ2015 ጥር ወር ባለቤቱን እንደምንም ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «ለቱሪስት ያልሆነች ለሠርግ ትሁና! ነዳጁን ብቻ ቻል» አለኝ።

ቀጥሎ የቀረው ሽማግሌ መምረጥ ነው። እሱን የመረጠችው እናቴ ናት።

እናቴ እናናየሁ ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ባለው መንደራችን ሸክላ ትሠራለች። እናቷም፣ የእናቷ እናትም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ከኋላው ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። በእኛ ድስት ወጥ ይሠራሉ፣ በእኛ ጋን ጠላ ይጠምቃሉ፤ ሴት ልጅ ግን አይሰጡንም፣ የእኛንም አያገቡም። አጎቴ ቃለ አብ «እኔ አለሁ አይደል? እኔ እሄዳለሁ» ብሎ ተነሥቶ ነበር።

«አንተ ተው» አለችው እናቴ። «አንተን ሲያዩ ሥራችሁ ምንድን ነው ይላሉ፤ ነገሩ በራፍ ላይ ያልቃል። የተከበሩ ሰዎች ይሂዱለት። እነሱን ያየ ስለኛ አይጠይቅም።»

አጎቴ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። 

እናቴ ሦስት ሰዎች ለመነች። አንደኛው የደብራችን አገልጋይ ቄስ ማኅደረማርያም ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ገብረኪዳን ናቸው፤ ባላገር ሁሉ ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ሦስተኛው ከአሊዩ አምባ ጋሽ ዓብዱራህማን፣ የእናቴን ሸክላ ገዝተው በገበያ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሦስቱም እሺ ያሉት ቶሎ ነው። ቄስ ማኅደረማርያም «ላሊበላን ሳልሳለም ልሞት ነው ስል እግዜር መኪና ላከልኝ» አሉ። እናቴ ይህንን ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት እግራቸው ላይ ወደቀች።

የተነሣን ቀን ሁሉም እንደ ልጅ ነበሩ። ቄሱ አልጋውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት።

«አባ፣ እርስዎ ላይኛው አልጋ ላይ ይሁኑ፤ ለሰማዩ ይቀርብዎታል» አሉ ጋሽ ዓብዱራህማን።

«አንተስ ታች ልትሆን ነው?»

«እኔማ ቆላው አሊዩ አምባ ተወልጄ፣ እናንተ ከላይ ሆናችሁ ስታዩኝ ነው ያረጀሁት!»

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መሬት ወርዶ ነበር። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ቄሱ አማተቡ፤ ጋሽ ዓብዱራህማን ቢስሚላህ አሉ፤ ጋሽ ገብረኪዳን «ረጋ ብለህ ንዳ፣ ሙሽራ» አሉኝ። ሙሽራ ሲሉኝ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛሁላቸው። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ሲበረታባቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ከኮምቦልቻ ወዲህ አንድ ኬላ ላይ ለጋ ወታደር በኋላው በር ዘልቆ ገባና አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ? ቤት ነው?»

«ቤት ነው። የሚቀረው ሚስት ናት፤ እሷን ልንጠይቅ እየሄድን ነው» አሉት ጋሽ ዓብዱራህማን።

«በእናታችሁ እህት ካላት ለኔም ጠይቁልኝ!» ብሎ ገመዱን ለቀቀልን።

እናቴ ለመንገድ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ጭኮ አዘጋጅታ ሰጥታኝ ነበር። ደሴ አድረን ጠዋት ስቆርስላቸው ቄሱ «ጾም ነኝ» አሉ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ጋሽ ገብረኪዳን «ጨጓራዬ ትኩስ ይሻላል አለኝ» ብለው ወርደው ሆቴል በሉ። ሻይ ሳፈላም ከጋቢያቸው ውስጥ የራሳቸውን ኩባያ አወጡ። ጋሽ ዓብዱራህማን ብቻ ዳቦውን እየገመጡ «የእናናየሁ እጅ ይባረክ» አሉ። እኔ ትልቅ ሰው ጨጓራ ያመዋል፣ ቄስ ሰው የማያውቀው ጾም ይኖረዋል ብዬ አለፍኩት። ልቤ ግን ማክሰኞ መሆኑን ቆጥሮታል።

ወልድያን አልፈን የድልብን ዳገት ወጣን። ጋሸና ብርዱ ይጋረፋል፤ በመንገዱ ዳር የተቃጠለ መኪና ጎኑን ሰጥቶ ተኝቶ ነበር፤ ሦስቱም እስኪያልፍ ድረስ አዩት። ላሊበላ አንድ ቀን ሙሉ ቆምኩላቸው። ቄሱ ከቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ሲዘዋወሩ ውለው እንባቸውን እየጠረጉ መጡና ራሴን ይዘው ባረኩኝ። «ልጅ ቢሉ እንዳንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ እስከ ሰቆጣ ያለው ኮረኮንች ነው፤ ዕቃው ሁሉ ሲንኳኳ፣ የውኃው በርሜል ሲላጋ፣ እነሱ ከኋላ ምን ብለው እንደሚናገሩ ሲለማመዱ እሰማ ነበር።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል፤ እኔ ነኝ የምጀምረው» ይላሉ ጋሽ ገብረኪዳን።

«ይጀምሩ፤ ግን እንደ እርቅ እንዳያስረዝሙት» ይላሉ ጋሽ ዓብዱራህማን።

ሰቆጣ ደርሰን መኪናዋን ከማስተዋል ቤት ራቅ አድርጌ ከአንድ ዋርካ ሥር አቆምኳት። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ለብሰው ሄዱ። እኔ መጋረጃውን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ቆመው ተናግረዋል፣ የማስተዋል አባት አቶ ይርጋለም ተቀመጡ ብለው ለምነዋቸዋል፣ «ከዘመድ ልማከር፣ ከነገ ወዲያ ኑ» ብለው በክብር ሸኝተዋቸዋል። እንደ ወጉ ነው።

በመሃሉ ባለው ቀን ማስተዋል ጀሪካን ይዛ በመኪናዋ አጠገብ አለፈች። ወግ ስለሆነ አልቆመችም። መጋረጃውን፣ የራሷን ስፌት፣ አየት አደረገችና፣

«አባዬ ወዷቸዋል» አለች ወደ ፊት እያየች። «እንዲህ ያሉ ሰዎች የላከ ቤተሰብ እንዴት ያለ ቤተሰብ ቢሆን ነው እያለ ነው። ያኛውን ሰው ትቶታል።»

«እውነት?» አልኩ። 

«እውነት! መኪናህን ‹ባለ ቤት› እያልን እህቴና እኔ ስንስቅብህ ነው የዋልነው» ብላ አለፈች። እናቴ ልክ ነበረች ብዬ ለአጎቴ እንኳ አላዘንኩም።

በቀጠሮው ቀን ቶሎ ተመለሱ። ገብተው ተቀመጡ። ጋሽ ገብረኪዳን ጫማቸውን እያወለቁ «አልሆነም፣ ልጄ። አይዞህ፤ ከወገንህ ሌላ ትገኛለች» አሉኝ።

ከወገንህ። ቃሉን ሰማሁት።

«ምን አሏችሁ?»

ቄሱ ዳዊታቸውን አወጡ። ጋሽ ገብረኪዳን ሌላኛውን ጫማ ፈቱ። ጋሽ ዓብዱራህማን ወደ ውጭ ጠሩኝና ዋርካው ሥር ተቀመጥን።

«ስማኝ፣ ጌታሰው» አሉ። «ሰውየው ክፉ አይደለም። ‹እናቱ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ሰምቻለሁ› አለን። ማን እንደነገረው አላውቅም። ‹እኔ በዚህ አልፈርድም፤ አገራችሁንም አላውቀውም። እናንተ ግን ጎረቤቶቹ ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ብትሆኑ ልጃችሁን ትሰጡታላችሁ ወይ?› አለ።»

 መሬቱን በእንጨት ጫሩ።

«ከዚያስ?»

«እኔ፣ ወላሂ፣ ሃይማኖት ባይለየን እሰጠው ነበር አልኩ። እሱ ግን የጠበቀው እነሱን ነው። አባን አየ። አባ መስቀላቸውን አዩ። ገብረኪዳንን አየ። ገብረኪዳን ጎሮሮውን ጠረገ፣ ይናገራል ስል ተወው። ሰውየው ብዙ ጠበቀ። ከዚያ ተነሣና ‹አላስዋሻችሁም፤ ስለ እውነታችሁ አመሰግናለሁ› ብሎ በሩን ከፈተልን።»

ቄስ ማኅደረማርያም ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው። ጋሽ ገብረኪዳን አንዲት ያላገባች አለቻቸው፤ ሙሉነሽ ትባላለች። የሁለቱንም ቤት በር የሠራሁት እኔ ነኝ።

ወደ መኪናው ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደፍሬ አላውቅም።

«አባ፣ አንድ ቃል መመለስ ምን ነበረው?» አልኳቸው።

ከዳዊቱ ቀና አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። «ሽማግሌ ሆኜ ልዋሽ፣ ልጄ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኛ እኮ እስከዚህ ድረስ ተንከራተንልሃል» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን።

ስልኬ ጮኸ። ማስተዋል ናት። እያለቀሰች አልነበረም፤ ድምፅዋ ደርቋል። «አባዬ ‹የገዛ ጎረቤቶቹ ያልሰጡትን እኔ ምን ብዬ እሰጣለሁ› አለ። የሸክላውን ነገር እኮ እኔ ራሴ ትናንት ማታ ነገርኩት፤ በኋላ ከሌላ ከሚሰማ ብዬ። ምንም አላለም ነበር። ጌታሰው፣ የሚወድህ ሰው አልነበረህም? ከነዚህ ሌላ የምትልከው ሰው አጥተህ ነው?»

አጎቴ ባርኔጣውን አንሥቶ ሲወጣ ታየኝ። «የለኝም» አልኳት። ዋሸሁ። ስልኩን ዘጋችው።

ጥያቸው ብሄድ ብዬ አስቤያለሁ። እዚያው ዋርካው ሥር፣ ነጭ እንደለበሱ። ግን የሰው አባቶች ናቸው፤ አምኖ የሰጠኝ አገር አለ። ሞተሩን አስነሣሁ። ላሊበላ ስንደርስ ቄሱ «ጸበል ልያዝ፣ ጥቂት ቁምልኝ» አሉ፤ ቆምኩላቸው። ጋሽ ገብረኪዳን ከኋላ ሆነው እስከ ወልድያ አንቀላፉ፤ አልጋው ይመቻል፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ጋሽ ዓብዱራህማን ከጎኔ ተቀምጠው አንዳንዴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋሉ። ሁሉንም በየደጃቸው አወረድኳቸው። ሲወርዱ መረቁኝ። አሜን አልኩ።

እናቴ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ አገኘኋት። ፊቴን አይታ ገባት።

«ምን ብለው ነው እምቢ ያሉት?»

«ሩቅ ነው አሉ። ልጃችንን ሩቅ አንሰጥም አሉ።»

 አፈሩን ከቀሚሷ አራገፈች። «የሰው አገር ሰው እንዲሁ ነው። የኛዎቹን ግን እግዜር ይስጣቸው፤ ለእኔ ልጅ ብለው፣ ለሸክላ ሠሪ ልጅ ብለው፣ በስተርጅና አገር ላገር ዞሩ። ይህን መቼም አልረሳላቸውም።»

ሰባት ቀን ሙሉ ለእነሱ ስትሠራ ሰነበተች። ለእያንዳንዳቸው ትልቅ ድስት ከነክዳኑ፣ ጆሮዎቹን አሣምራ። አቃጠለችው፣ በቅጠል ወለወለችው። «አንተ ውሰድላቸው፤ እኔ ካደረስኩት ያፍራሉ» አለችኝ።

የጋሽ ገብረኪዳንን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ሙሉነሽ ናት። ድስቱን ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ።

«እዚያ፣ መሬት ላይ አስቀምጠው» አለች።

አስቀመጥኩት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጠርዙን ኳ፣ ኳ አደረገችና አዳመጠች። ስንጥቅ የለውም።

«ጥሩ ነው» አለች። «እናትህን እግዜር ይስጥልን በላት።»

ሌሎቹ ሁለት ድስቶች በጀርባዬ ነበሩ። የቄሱ ቤት ከዚያ ሁለት አጥር አልፎ ነው።