አሳዳጊ በተገኘበት

አሻንጉሊቱ ድብ ገና ከፕላስቲኩ አልወጣም። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ቢጫ ትራስ ተደግፎ፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ኮሪደሩን ይመለከታል። ከጎኑ ያልተቀረጹ እርሳሶች፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው ትንንሽ ወንበሮች፤ ግድግዳው ላይ «እዚህ ያለ ፍርሃት ተናገሩ» የሚል ደማቅ ጽሑፍ። በሩ ተቆልፏል። ልጅቷ የተቀመጠችው ከበሩ ውጭ፣ እግሩ በተወላገደ አግዳሚ ላይ ነው።

የልጆች ጉዳይ ባለሙያዋ ቁልፉን ፍለጋ ንብረት ክፍል ተመላልሳ ደክሟታል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። ክፍሉ ለእንግዶች ጉብኝት መጽዳቱን፣ ባለፈው አንድ ሕፃን ገብቶ ግድግዳውን መሞነጫጨሩን፣ ልጆች ከገቡበት ደግሞ የልጆች ክፍል ንጽሕናው እንደማይጠበቅ በትዕግሥት አስረዳት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ባለሙያዋን «ወይዘሪት አሁኑኑ» ነው የሚሏት፤ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ።

«ወይዘሪት አሁኑኑ» አላት፣ «እንግዶቹ ይሂዱልን እንጂ፣ ነገ ተኝተሽበት ብታድሪስ ማን ይከለክልሻል?»

ነገ። እዚህ ቤት ነገ የማይችለው ነገር የለም።

ስለዚህ የልጅቷን ቃል የተቀበለችው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው፤ የታሸገ ውኃ የተሸከሙ ሰዎች «ይቅርታ፣ እህቴ» እያሉ በመካከላቸው ሲያልፉ። ልጅቷን ጠዋት አምጥታ ወደ ማስተማሯ የተመለሰችው መምህሯ ናት። እናትና አባቷ ከሞቱ ወዲህ የምታሳድጋት አክስቷ ናት፤ ማሳደግ ከተባለ። ልጅቷ ስታወራ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ሸሚዝ ስትተኩስ አቃጠለች። አክስቷ ካውያውን ተቀበለቻትና «ሸሚዙን የተሰማው አንቺንም ይሰማሽ» አለቻት። ይኸው ነው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየች።

ባለሙያዋ ብዙ ክንድ አይታለች፤ ይህንን ግን እጅጌውን መልሳ ሸፈነችው። ዛሬ እዚያ ቤት እንደማትመለስ ለልጅቷ ቃል ገባችላት። ቃል መግባት እንደሌለባት በሥልጠና ተነግሯታል፤ ሥልጠናው ላይ ግን ልጅ አልነበረም።

ቃሏን ለመጠበቅ የሚያስፈልጋት አንድ ፊርማ ነው። መጠለያ የሚያስገባውን ትእዛዝ የሚፈርመው ኃላፊው ብቻ ነው፤ ካልፈረመ፣ ልጁ በሥራ መውጫ ላይ ለአሳዳጊው ይመለሳል። ደንቡ ነው። ኃላፊው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሩቅ ለመጡ እንግዶች ስለ ሕፃናት ጥበቃ እየተናገረ ነው። ጎንበስ ብላ በጎን በር ስትገባ «አንድም ልጅ ደጅ ላይ መቅረት የለበትም» የሚለው ጋ ደርሶ ነበር። ጭብጨባው ስላማረለት ደገመው።

ለእረፍት ሲወጡ ክርኑን ያዘችው። ነገሩን ባጭር ባጭሩ ነገረችው። እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ለአንድ እንግዳ ፈገግ እያለ አዳመጣት።

«እህቴ፣ አሁን ስለ ልጆች እየተወያየን ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዚህ መሀል ልጅ አታምጪብኝ።»

ሳቅ ሳቅ አላት።

ስትመለስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፊቷ በርቶ ጠበቀቻት። የልጅ ቃል የሚጸናው ሕጋዊ አሳዳጊ በተገኘበት ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳዩ እንዳይጓተት ብላ አክስትየውን በስልክ ጠርታታለች። «አንቺ ብቻ መሰልሽ የምትፈጥኚው?» አለቻት በኩራት።

ደንቡን ያወጣው ሰው፣ ልጅን የሚጎዳ ሁሉ ከውጭ ይመጣል ብሎ ያሰበ ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ፍየሏ ስትከስ ጅቡ እንደ ዘመድ ተጠርቶ ከጎኗ ይቀመጥላት እንደ ማለት ነው።

ጅብ የጠበቀ ሰው ግን አክስትየውን ቢያይ ያፍር ነበር። ንጹሕ ኮት፣ ለስላሳ ድምፅ፤ ለሁሉም ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጠች። በዚህ ዘመን የሰው ልጅ ማሳደግ እንዴት እንደሚያደክም ለመዝገብ ቤቷ ነገረቻት፤ መዝገብ ቤቷም ከንፈሯን መጠጠችላት። ከዚያ ከልጅቷ ጎን ተቀምጣ፣ ፀጉሯን እያስተካከለች፣ ክንዷን ምን እንደነካት ለሰዎቹ እንድትነግራቸው በፍቅር ጠየቀቻት።

«ምድጃ ነው» አለች ልጅቷ።

መዝገብ ቤቷ ጻፈች። ባለሙያዋ ጠዋት የሰማችውን በቁጣ ዘረዘረች፤ ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። የጠዋቱ ቃል አሳዳጊ በሌለበት የተሰጠ በመሆኑ እንዳልተሰጠ እንደሚቆጠር ተነገራት። አክስትየው በሐዘኔታ አይታት፣ የራሷ ልጆች ይኖሯት እንደሆነ ጠየቀቻት።

አክስትየው ለመፈረም ጎንበስ ስትል ልጅቷ ወደ ባለሙያዋ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ንገሪኝ ስላልሽኝ እኮ ነው የነገርኩሽ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

አክስትየው የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ ዋናው መውጫ ሄደች። ባለሙያዋ ቆማ አየቻቸው። ፊርማ የለም። መኪና የለም። መጠለያው ያለ ትእዛዝ በር አይከፍትም። ነገ እሷም ሥራ ላይኖራት ይችላል። ይህን ሁሉ እያወቀች በሩጫ ደረሰችባቸውና ደረጃው ላይ የልጅቷን ሌላኛውን እጅ ያዘች።

«ልቀቂያት እንጂ» አለች አክስትየው፣ ፈገግታዋ ሳይጎድል።

«አልለቅም።»

በዚህ መሀል የአዳራሹ በር ተከፍቶ እንግዶቹ ለማስታወሻ ፎቶ ወደ ደረጃው ፈሰሱ። ኃላፊው አያት፤ ጥርሱን እንዳሳየ በዓይኑ ብቻ «ተይ» አላት። ፎቶ አንሺው ግን ያየው ሌላ ነው፦ አንዲት ልጅ፣ ግራና ቀኝ እጇን አጥብቀው የያዙ ሁለት ሴቶች። ቀኑን ሙሉ ማይክሮፎን የጨበጡ ሰዎችን ሲያነሳ ለዋለ ሰው ይህ ሲሳይ ነው።

«እንደዚያው ሁኑልኝ። እንዳትለቋት» አለ ካሜራውን እያስተካከለ።

አክስትየው ቀና አለች። ኃላፊው እንግዶቹን ከኋላ አሰለፈ። ባለሙያዋ ቀና አላለችም፤ በመዳፏ ውስጥ እስካሁን በድን የነበሩት ትንንሽ ጣቶች ቀስ ብለው ሲጨብጧት ተሰማት።

«ትንሽ ቀረብ በሉ» አለ ፎቶ አንሺው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።