ለማሳያ የተቀመጠች አራስ

አራስ ሴት ምን ያስፈልጋታል ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ መብላትና መተኛት። ይህን ለማወቅ ኮርስ መውሰድ አያሻም፣ ድመትም ታውቀዋለች። ሰው የሚባለው ፍጡር ግን ቀላል ነገር ያስፈራዋል። ካላወሳሰበው ያወቀ አይመስለውም።

አራሷ መስታወት ቆራጭ ናት። ወንዶቹ ለሁለት ተሸክመው የሚያመጡትን ሰፊ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ታጋድመዋለች፣ በመቁረጫው አንዴ ብቻ ትስብበታለች፣ ከዚያ ጠርዙን ጫን ስትለው ቋ ብሎ በልኩ ይለያል። የሱቁ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ሕግ አላቸው፤ ያልተኛ ሰው መስታወት አይነካም። ጠዋት ዓይኑ ደም የለበሰ ሠራተኛ ካዩ "ሂድ ወደ ቤትህ፣ እኔ እዚህ የሰው ጣት ስለቅም አልውልም" ብለው ከበር ይመልሱታል። እንግዲህ በዚህ ሕግ ያደገች ሴት ናት የበኩር ልጇን የወለደችው።

ከሆስፒታል ወጥታ ገና የቤቷን ደረጃ ሳትጨርስ የባሏ ታላቅ እህት ሻንጣዋን እየጎተተች ደረሰች። ሻንጣው ውስጥ ልብስ ያለ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ጠርሙስ ብቻ ነው። የሚቀባ፣ የሚሸተት፣ የሚጠጣ፣ ውሃ ውስጥ የሚጨመር። ሳሎኑን በአንድ ቀን የሽቶ ሱቅ አስመሰለችው።

ይህችን ሴት ሰፈሩ "እፎይ" ይላታል፤ አፏን በከፈተች ቁጥር "እፎይ በይ የኔ ቆንጆ" ስለምትል ነው። ቀድሞ መጋረጃ ትሸጥ ነበር። ከዚያ ፀጉር ያሳድጋል የተባለ ቅባት ያዘች፤ የማንም ፀጉር አላደገም፣ የራሷም ጭምር። በመጨረሻ በስልኳ የጥቂት ሳምንት ኮርስ ተከታተለችና "የእናቶች የተፈጥሮ እንክብካቤ ባለሙያ" ሆና ቁጭ አለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት እሷ ጋ አልደረሰም። ልጅ ወልዳ አታውቅም፤ ይህ በራሱ ነውር የለውም፣ ሳትወልድ ስንቱን ያዋለደች አዋላጅ ሞልታለች። ነውሩ ሌላ ነው፣ እንደርስበታለን።

የእፎይ ትምህርት ምሰሶው አንድ ነው፤ "ልጅ ሲተኛ የእናት ጊዜ ይጀምራል።" ሲሰሙት ደስ ይላል አይደል? አራሷም ደስ ብሏት ነበር። በኋላ ነው ጉዱ የገባት። ሕፃኑ ጥግብ ብሎ ዓይኑን ሲከድንና እሷም ጋደም ልትል ስትል፣ እፎይ በሩ ላይ ናት። ተነሺ፣ መስኮት ይከፈት፣ ትንፋሽ ይሳብ። ቀጥሎ እግር በጨው ውሃ ይነከራል። ቀጥሎ ጀርባ በዘይት ይታሻል፣ ያውም ቁጭ ተብሎ፤ ተኝቶ መታሸት ጉልበት ያፈሳል ተብላለች። ፊት ላይ ማር፣ ዓይን ላይ ኪያር። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሕፃኑ ይነቃል። ሕፃኑ ሲነቃ ደግሞ እፎይን ድካም ይይዛታል። "አሁንማ ያንቺና የልጅሽ ጊዜ ነው፣ እኔ አልገባበትም" ትልና ሶፋው ላይ ጥቅልል ትላለች። ኩርፊያዋ ሳይሆን ማንኮራፋቷ ነው የሚሰማው።

"እትዬ፣ እባክሽ ዛሬ ይቅርብኝና ልተኛ" አለቻት አራሷ አንድ ቀን።

"እንቅልፍማ ማንም ይተኛል!" አለች እፎይ፣ እንደ ሞኝ እያየቻት። "እኔ የምሰጥሽ ዕረፍት ነው። እንቅልፍና ዕረፍት አንድ አይደሉም። እፎይ በይ የኔ ቆንጆ፣ ትከሻሽ ጆሮሽ ጋ ደርሷል እኮ።"

ባልየውስ? ባልየው ስልክ ጠጋኝ ነው። ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ እንዳይሰማው ጓዳ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ይተኛል። "የኔ ሥራ ጥቃቅን ብሎን ነው፣ ዓይኔ ካላረፈ የሰው ዕቃ አበላሻለሁ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ስልክ መውደቅ የለበትም! ሚስቱ አቤት ስትል ደግሞ "ስንቷ ሴት እንዲህ የምትንከባከባት የባል እህት አጥታ ታለቅሳለች፣ አንቺ ግን ጥጋብ ነው" ይላታል። ጥጋብ! ሴትዮዋ በቁሟ እያለቀች፣ ሳህን ፍሪጅ ውስጥ ወተት ቁም ሳጥን ውስጥ እያስቀመጠች፣ እሱ ጥጋብ ይላል።

እንዲህ እንዲህ ሲል ያ ጠዋት መጣ።

አራሷ ሕፃኑን በሰማያዊዋ ሳፋ ታጥባለች። አንገቱን በግራ ክንዷ ደግፋ፣ በቀኝ እጇ ሆዱን እያጠበች። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ክፍሉም ሞቅ ያለ። ዓይኗን ጨፈን አደረገች፤ ጨፈን ብቻ ነበር የመሰላት። ስትነቃ ክንዷ ባዶ ነው። ሕፃኑ ውሃው ውስጥ ነው፣ ፊቱ ሳይቀር። እንዴት መንጭቃ እንዳወጣችው አታውቅም። ሳለ፣ ውሃ ተፋ፣ ቀላ፣ ከዚያ ያገር ያለህ ብሎ ጮኸ። እሷም እርጥቡን ደረቷ ላይ ለጥፋው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጩኸቱ ያን ቀን እንደ ዘፈን ነው የጣማት። ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ መጣ፤ ነገስ? ነገ ባልነቃስ?

ለባሏ ልትነግረው ሄደች። ጫማውን እያሰረ ነው።

"ስማኝ፣ ዛሬ ልጁን ሳጥበው..."

"ለእህቴ ንገሪያት" አለ ቀና ሳይል፣ "የእናንተን ነገር እሷ ነች የምታውቀው። ደግሞ ከሰዓት የእህቴን ትምህርት ለመቅረፅ ስለምመጣ ፀጉርሽን ተበጠሪ።"

ለእፎይ ልትነግራት ሄደች። እፎይ ወንበር እያስተካከለች ነበር።

"እትዬ፣ ልጁ ዛሬ ጠዋት..."

"እሽሽ! ዛሬ እንግዳ አለብን፣ መጥፎ ነገር አታውሪ፣ የቤቱን አየር ታበላሺብኛለሽ።"

እንግዳ ያለቻቸው ተማሪዎቿ ናቸው። እፎይ ሰሞኑን ስልኳ ላይ የአራሷን ፎቶ ዓይኗን እንደጨፈነች ለጥፋ፣ ከሥሩ "ያረፈች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኑና እዩ" ብላ ጽፋለች። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይህ ነው። ማስታወቂያውን ያዩት ጋሼ ደንግጠው ለባልየው ደወሉለት፤ "ምነው ልጄ ምን ሆና ነው? መቼ አረፈች?" ደህና መሆኗን ሲሰሙ "ታዲያ በሕይወት ያለች ሴት እንዲህ አድርጋችሁ ትለጥፋላችሁ? እናንተ ጉዶች!" ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። እሱ ግን ለእህቱ "ሰው እያየው ነው" ብሎ ነው በደስታ የነገራት።

ከሰዓት ሴቶቹ መጡ። አምስት ናቸው። አንዷ የደረሰች እርጉዝ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ሆዷን ቀድማ አስገብታ ትንፋሽ አጥሯት በሩ አጠገብ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ሌሎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ። ባልየው ስልኩን ቀስሮ ቆሟል። ሕፃኑ ጠብቶ አልጋው ላይ ተኝቷል። አራሷን መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ እግሯን ጨውና አበባ በተነሰነሰበት ውሃ ነከሩላት፣ ዓይኗ ላይ ኪያር ለጠፉላት፣ ግንባሯን ዘይት ቀቧት። ቀረ የሚባል ነገር ቢኖር ዋጋዋን ደረቷ ላይ መለጠፍ ነበር።

"አሁን" አለች እፎይ ድምፅዋን እያለሰለሰች፣ "ትከሻዋን እዩልኝ። ዘይቱ ሥራውን ሲጀምር..."

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። አራሷ አንገቷ ክንብል አለ። ኽርር! ድፍን ሳሎኑን የሞላ ማንኮራፋት።

"አያችሁ!" አለች እፎይ እጇን እያፋተገች። "አያችሁ አይደል! ገና ሳልነካት! ይህ ነው የተፈጥሮ ኃይል ማለት።" ሴቶቹ ቀስ ብለው አጨበጨቡ። አንዷ የዘይቱን ስም ጻፈች። ባልየው ካሜራውን አስጠግቶ የሚስቱን የተከፈተ አፍ ቀረፀ። ከወለደች ጀምሮ ሰው ሳይቀሰቅሳት የተኛችው ያን ጊዜ ነበር፤ ቢተዋትስ ምን ነበረበት? ቢተዋትማ ሰው በሆኑ ነበር! እፎይ ትከሻዋን ይዛ ወዘወዘቻት።

"ንቂ የኔ ቆንጆ፣ ንቂ። ምን እንደተሰማሽ ለእህቶችሽ ንገሪያቸው።"

አራሷ ባንና ተነሳች። ኪያሩ ከዓይኗ ላይ ወደቀ። የት እንዳለች ለማወቅ ጥቂት ቆየች።

"ያስተኛሽ ዘይቱ ነው ወይስ ጨው ውሃው?" አለች የዘይቱን ስም ስትጽፍ የነበረችው፣ እስክሪብቶዋን እንዳዘጋጀች።

"አለመተኛቴ" አለች አራሷ።

አንዷ ልትስቅ ጀመረችና ተወችው።

"አለመተኛቴ ነው ያስተኛኝ። ዛሬ ጠዋት ልጄን ሳጥብ እንቅልፍ ወሰደኝ። ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ፊቱ ውሃ ውስጥ ነበር። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ..." ሕፃኑ ወደተኛበት አየች። "ትንሽ ብዘገይ ኖሮ አሁን የመጣችሁት ለልቅሶ ነበር። ልነግራቸው ስሞክር የሚሰማኝ አጣሁ።"

ሹፌሯ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጫነች።

እፎይ የመጀመሪያዋ ሆና ነቃች፣ አፍ መቼ ይጠፋታል! "እህቶቼ፣ አትደንግጡ። ይህ በውስጥ የተጠራቀመ መርዝ ነው፣ እየወጣ ነው። እንዲወጣ እንፍቀድለት።"

አራሷ ግን እሷን አላየቻትም። የምታየው ባሏን ነበር። እሱ አባት ነው። ስልኩን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ገረጣ፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እሷም ጠበቀች። ከሁሉም ይልቅ የዚህን ሰው ቃል ነበር የፈለገችው።

ወደ እህቱ ዞረ። "እትዬ፣ ለዚህም የሚሆን ዘይት የለሽም?"

በዚያች ሰዓት አራሷ ውስጥ የነበረ ነገር ቋ አለ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ናቀችው፣ በቃ። ከአናቱ እስከ ጫማው አይታ ናቀችው።

ይሄኔ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ሁሉም ዞረው እሷን አዩ፤ ደወሉ ለማን እንደሚጮህ ያውቃሉ። እግሯን ከሳፋው አወጣች፣ ሄዳ ሕፃኑን አነሳች፣ ቀጥ ብላ ወደ እፎይ ዘረጋችው።

"እንኪ እትዬ፣ ያዢው።"

እፎይ ወደ ኋላ ሸሸች። ሁለት እጇን አየር ላይ ሰቅላ፣ የሚናደፍ ነገር እንደቀረበላት ሰው። "እኔ? እንዴ፣ እኔማ ሕፃን ይዤ አላውቅም! እኔ የእናቶች ባለሙያ ነኝ!"

ያልኳችሁ ነውር ይህ ነው። ሻንጣዋን ጎትታ ከገባች ጀምሮ ያንን ልጅ አንድ ቀን ታቅፋው አታውቅም፤ እዚያ ቤት ላለ ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ባልየው እንኳ እህቱን መጀመሪያ እንዳያት ሁሉ አፈጠጠባት።

አራሷ ወደ እሱ ዞረች። ስልኩን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በባዶው እጁ ላይ ልጁን አስታቀፈችው፣ ክርኑን በእጇ አስተካክላ አንገቱን አስደገፈችው።

"ጠብቷል። የሚያስለቅሰው ዳይፐሩ ነው።"

"ቆይ፣ አንቺስ የት ልትሄጂ ነው?"

በረጠበ እግሯ ወለሉን እያራሰች ወደ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው። አልጋው ላይ እንደ ጆንያ ወደቀች።

ውጭ ግርግር ሆነ። ሕፃኑ ይጮሃል። እፎይ "ትንፋሽ ሳብ ወንድሜ፣ እፎይ በል" ስትል፣ ባልየው ባለ በሌለ ኃይሉ "ዝም በይ ወዲያ!" ሲላት ተሰማ። ሹፌሯ "እስቲ ዳይፐሩ በየት በኩል ነው የሚፈታው? ለዚህ አይደል የመጣሁት፣ አሳዩኝ እንጂ!" ትላለች፣ የሚያሳያት ግን የለም። ወንበር ተንኳኳ፣ አንድ ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረ፣ የሴቶቹ ጫማ ወደ ደረጃው ተቻኮለ።

በሩ ተደበደበ።

"ክፈቺልኝ እባክሽ! እጄ ላይ ይፈራገጣል፣ ይወድቅብኛል፣ እኔ እኮ እፈራለሁ!"

እንድትነሳ አንጀቷ ጎተታት፤ ልጇ ነው። አንድ እግሯን ከአልጋው አውርዳ መሬት አስነካች። የጠዋቷን ሳፋ አሰበች፣ ባዶ ክንዷን አሰበች። እግሯን መልሳ ወደ ላይ ሰበሰበችው።

"አይወድቅብህም" አለችው ከውስጥ። "አንተ ሌሊቱን ስትተኛ ያደርክ ሰው ነህ።"

የሕፃኑ ልቅሶ ቀስ እያለ ከበሩ ራቀ፣ ወደ ሳሎኑ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ልጁን ይዞ እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። አራሷ ሦስተኛውን ምልልስ አልሰማችም፤ ተኝታለች።