የሻምፒዮኑ ጥርስ

የባለቤቴ አባት ባረፉ በሁለተኛው ዓመት ጣሪያችን ማፍሰስ ጀመረና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ኮተት ሁሉ አወረድኩ። ከኮተቱ ሥር አንድ ረጅም ጥቁር ቦርሳ አገኘሁ። ዚፑ ዝጓል፤ በቢላ ጫፍ እያባበልኩ ከፈትኩት። የቴኳንዶ መከላከያ ነው። ሰማያዊ ቀለሙ የለቀቀ የደረት መከላከያ፣ ነጭ የነበረና እንደ አሮጌ ጋዜጣ የወየበ የራስ መከላከያ፣ ሁለት የቅልጥም መከላከያ። በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ደግሞ ተጋጣሚዎች ጥርሳቸው እንዳይረግፍ የሚነክሷት የአፍ ጎማ አለች። ሽታው ቤቱን ሞላው።

የማን ነው ብዬ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። የባለቤቴን አባት ሰፈሩ በሙሉ «ሻምፒዮኑ» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር አጠገባቸው ለቆመ ተሳፋሪ ከግራኙ ጋር የተደረገውን የፍጻሜ ግጥሚያ ይተርካሉ፤ አረንጓዴ ሲበራ ያቋርጡታል። መጨረሻውን ልስማ ብሎ መውረጃውን ያለፈ ሰው ሞልቷል ይባላል። ባለቤቴ ያን ታሪክ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ገና ስንተዋወቅ ለእኔም ነገረኝ፦ «ገባን። እጅ ነሣን። ግራኙ በግራ እግሩ መጣብን። ወደቅን። ተነሣን።»

«ለምንድነው ‹እኛ› የምትለው?» ብዬው ነበር።

«አባዬ እንዲያ ነበር የሚያወራው። ትንሽ ንጉሥ ንጉሥ ይለው ነበር።»

ስለዚህ ቦርሳውን ሲያየው መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። የደረት መከላከያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ዳበሰው። ለአናጢ ጓደኛው እዚያው ደውሎ ሳሎን የሚሰቀል የመስታወት ሣጥን አዘዘ። አማቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የመጋረጃ ጫፍ ይጠልፋሉ። ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። መርፌያቸውን ሳያቆሙ፣

«ጣሉት፤ ይሸታል» አሉ።

«እማዬ! የአባዬን ዕቃ?»

«ዕቃ ዕቃ ነው። እዚህ ምግብ እንበላለን።»

ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። እሳቸው ባላቸውን ይወዱ እንደነበር አውቃለሁ፤ ኮታቸውን እስከ ዛሬ በየወሩ ፀሐይ ያሰጡታል። ታዲያ ለዚህ ቦርሳ ምን አስጨከናቸው?

መቼስ ሁለቱን ማስታረቅ ለእኔ ነው የሚተርፈው። በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ቦርሳውን ይዤ ወጣሁ። ከመሥሪያ ቤቴ ፎቅ ሥር የቴኳንዶ ማሠልጠኛ አለ፤ ቢያንስ የሚጠቅመው ሰው ካለ ልጠይቅ ብዬ ነው። ማስተሩ ጎልማሳ ሰው ነው። የደረት መከላከያውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱን ሲያነሣ ጎድጓዳው እዚያው ቀረ።

«ስፖንጁ ሞቷል እህቴ። ይሄን ለብሶ ከሚገጥም ራቁቱን ቢገጥም ይሻለዋል፤ ቢያንስ ይጠነቀቃል።»

«ለጀማሪም አይሆንም?»

«ለጀማሪ ጭራሽ! ስትጥሉትም እንዲሁ አትጣሉት። ማሰሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ አለበለዚያ አንዱ አንሥቶ ይለብሰዋል።» ከዚያ ገልብጦ የውስጡን ቁጥር አየ። «የቀጭን ሰው ነበር። ሁለት ቁጥር ነው።»

ሻምፒዮኑ መሪው ሆዳቸውን እየነካ የሚነዱ፣ በር የሚሞሉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ቀጭን ነበሩ ማለት ነው ብዬ ደረጃውን ወጣሁ።

እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪሙ የሰውን አፍ ልክ ይልክልኛል፤ እኔ በልኩ ውስጥ ጀሶ አፍስሼ የድዱን ቅርጽ አወጣለሁ፤ በዚያ ላይ በሰም፣ ቀጥሎም በፕላስቲክ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ሰውን በስሙ ብረሳው በጥርሱ አልረሳውም። ለምሳ እጄን ልታጠብ ስል ዓይኔ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ አረፈ። የአፍ ጎማ በሙቅ ውሃ ተነክራ ስትለሰልስ ነው የምትነከሰው፤ ስትደርቅ የባለቤቷን ጥርስ እንደያዘች ትቀራለች። እቺኛዋ ቢጫ ሆና እንደ ቀንድ ደርቃለች። ውስጧን አየሁ። ምን እንዳየሁ ሳላውቅ የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ጀሶ በጠበጥኩና አፈሰስኩባት።

ሲደርቅ ፈልቅቄ አወጣሁት። የላይኛው ረድፍ ጥርስ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጥርሶች ተጣብቀዋል። ሻምፒዮኑ ግን ፍንጭት ነበሩ፤ ሲስቁ ከፊት ጥርሶቻቸው መሀል ምላሳቸው እስኪታይ ድረስ። በስተቀኝ ያለው ክራንቻ ደግሞ ፊቱን አዙሮ ጎረቤቱን ጀርባ እንደሰጠ ኩሩ ሰው ወደ ውጭ ዞሯል።

ይሄን ክራንቻ አውቀዋለሁ።

ከመደርደሪያው አናት ላይ ያስቀመጥኩትን የአማቴን ሞዴል አወረድኩ፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ ጥርሳቸው ገና ሳይነቀልና ሰው ሠራሽ ሳይገባላቸው፣ ከልካቸው ያወጣሁት ጀሶ ነው። አጠገብ ላጠገብ አስቀመጥኳቸው። አንዱ የወጣት፣ አንዱ የባልቴት፤ ሁለቱም ጋ ያው ክራንቻ ዞሯል። ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ።

ከሥራ ስመለስ አማቴ ብቻቸውን ነበሩ። ጀሶውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ጣታቸውን በክራንቻው ላይ አሳለፉ።

«ያኔ ደህና ነበር ጥርሴ» አሉ።

«እማማ፣ ዕቃው የእርስዎ ነው?»

«የማን መሰለሽ?»

«የጋሼ ነዋ! ሁላችንም... ልጅዎም... ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው ነገሩ የገረማቸው ይመስላሉ። «ልጁ ትንሽ ሆኖ ሲጠይቅ አባቱን ነበር የሚጠይቀው። አባቱ ደግሞ ማውራት ይወዳል። እኔ መስማት እወድ ነበር። ሲያወራው ያምር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ‹ጣሉት› ይላሉ?»

«አልኩሽ እኮ፤ ይሸታል።»

ግራ ገባኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን የተደበቀ ቁስል አለ ብዬ ስጨነቅ፣ እሳቸው የሚያስጨንቃቸው ሽታው ብቻ ነው። ወይስ ሽታው የሌላ ነገር ስም ነው? ፊታቸውን ባየው ባየው አልነበብ አለኝ።

«ለልጅዎ ይንገሩት» አልኳቸው።

«አንቺ ንገሪው። ጥርሱን ያገኘሽው አንቺ ነሽ።»

እሑድ ምሳ ላይ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ጀሶውን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ የደረት መከላከያውን አጠለቀና ጀርባውን ሰጠኝ፦ «እሰሪው!» ብስበው፣ ብጎትተው ማሰሪያው አልገናኝ አለ። ባለቤቴ ከአባቱ በግማሽ የሚያንስ ሰው ነው። እንደዚያ ታንቆ ወደ እናቱ ዞረ።

«ግራኙስ?»

«ግራኙማ ነበረ» አሉ። «ያኔ ሴት የምትገጥማት ሌላ ሴት አልነበረችም፤ በክብደት ነበር የሚያጋጥሙን። ከሌላ ክለብ የመጣ ልጅ ነው።» ተነሥተው ወደ እሱ ተጠጉና ከጎኑ በኩል በአንድ ጣት ጠቆም አደረጉት። «እዚህ ጋ ነው ያገኘኝ።»

«ወደቅሽ፤ ከዚያ ተነሣሽ፤ ከዚያ አሸነፍሽ።»

«ወደቅሁ፤ ተነሣሁ። አላሸነፍኩም።»

ባለቤቴ የራሱን ስም የረሳ ይመስል ነበር።

«እና አባዬ ዋሸኝ?»

«አባትህ ቦርሳዬን ተሸክሞ ነበር የሚመጣው። ውጤቱ ሲነገር ከእኔ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው። አውቶቡስ አጥተን ከአዳራሹ ወደ ቤት በእግራችን ስንሄድ፣ ዳኛውን ሲረግም፣ ነጥቡን ደግሞ ሲቆጥር መንገዱ አለቀ። ቤት ስንደርስ አሸንፈን ነበር።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «እኔ ምን ላድርግ? ደክሞኝ ስለነበር ተውኩት።»

«እሱስ አይጋጠምም ነበር?»

«ሁለት ወር ተማረ። ከዚያ ወገቤን አለ።»

ባለቤቴ ነገሩን ወደ ሥራው ይዞት ሄደ። አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሕንፃ ጉድጓድ ውስጥ ብረት ላይ ተንበርክኮ የሚውል ሰው ለማሰብ ጊዜ አያጣም። ቤት ሲመጣ አንድ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ሰፈሩ ሻምፒዮኑ ሲለው ምን ይሰማሽ ነበር?» ይላቸዋል። «ደስ ይለኝ ነበር» ይላሉ። በማግስቱ ደግሞ፣ «አንድም ቀን አልተናደድሽም?» ይላቸዋል። «አንድ ቀን ተናድጃለሁ፤ ግን በሌላ ነገር ነው» ይላሉ። እያንዳንዱ መልስ ይብሱን ያደናግረዋል። ማንን መውቀስ እንዳለበት ቢያውቅ በወቀሰ ነበር። ማንን ማድነቅ እንዳለበት ቢያውቅም እንደዚያው። ለእኔ፣ «አባቴን ነው ያጣሁት ወይስ እናቴን ነው ያገኘሁት?» አለኝ። ሁለቱም አልመሰለኝም።

በዚህ መሀል አናጢው የመስታወት ሣጥኑን ሠርቶ አመጣ። ማንም ምን እንደሚገባበት አላወቀም። አማቴ መድኃኒታቸውንና ሬዲዮናቸውን ከተቱበት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው መቀስ አምጪ አሉኝ። የማስተሩን ቃል ነግሬያቸው ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አየ። የራስ መከላከያውን ማሰሪያ ቆረጡ፤ ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። የደረት መከላከያው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ዘገየ፤ ወይም የዘገየ መሰለኝ፤ ማሰሪያው ወፍራም ነበር።

«አንድ ነገር እንኳ አስቀሪልኝ» አለ ባለቤቴ።

«ምን ታደርግበታለህ?»

«አላውቅም።»

አሰቡ። የቅልጥም መከላከያዎቹን አንሥተው እንደ ማስተሩ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጓቸው። «እነዚህ ከምት አያድኑም» አሉ፤ «ለመንበርከክ ግን ይበቃሉ። ጉልበቴን አመመኝ ስትል አይደል የምትኖረው?» አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሰኞ ዕለት በመሣሪያ ሣጥኑ ይዟቸው ሄደ። የቀረውን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሰዎች ወሰዱት። የአፍ ጎማዋን አማቴ ራሳቸው ወረወሯት፤ ጀሶውን ግን «እሱስ ያንቺ ሥራ ነው» ብለው ለእኔ ተዉት።

ከአንድ ወር በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው ቤታችን መጣ። ያን አሮጌ የቅልጥም መከላከያ ጉልበቱ ላይ አስሮ ሲሠራ አይቶት ኖሮ፣ ከየት አመጣኸው ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ።

«ግራኝ የሚባል ሰው ነበር» ብሎ ጀመረ። «አባቴ... እናቴ ገባች። እጅ ነሣ... ነሣች። ግራኙ በግራ እግሩ መታው። መታት! ወደቀ...»

«ቆይ ቆይ» አለ እንግዳው፤ «ማነው የወደቀው?»

ባለቤቴ እናቱን አየ። እኔም አየኋቸው። እኔማ ዕድለኛ ነኝ፤ ሁለቱንም አንቱ ስለምል «ወደቁ፣ ተነሡ» ብዬ እገላገላለሁ። እሱ ግን ወይ «ተነሣ» ወይ «ተነሣች» ማለት አለበት፤ ከዚያም ወይ ማሸነፍ ወይ መሸነፍ።

አማቴ ከመስኮቱ ሥር ቀና አሉ።

«እንዳመጣልህ አውራው» አሉት። «ብቻ ግራኙን አጭር እንዳታደርገው። ረጅም ሰው ነበር።»