ጥቁሩ እስኪሞላ

ወረቀቱን አሁን ብታወጣውስ፣ ጠቁሯል እኮ፣ የእናቷ ጠጉር ጠቁሯል፣ ቀሚሷም፣ ትንሽ ከቆየ ፊቷ ሊዋጥ ነው፣ አይ፣ ቀዩ አምፖል ነው የሚያታልላት፣ በቀይ ብርሃን ሁሉም ነገር ከልኩ በላይ የጠቆረ ይመስላል ብለዋታል ጋሼ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ሦስት ጊዜ ብለዋታል፣ ሦስቱንም ጊዜ እሺ ብላ ሦስቱንም ጊዜ ቸኩላ ከፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት አወጣችው።

ሦስት ወረቀት። ሦስቱም ደብዝዘው አመድ መሰሉ። አሁን የቀረው ይሄ አንዱ ነው፣ የፓኮው መጨረሻ፣ እንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ዛሬ ከየትም አይገኝም።

አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ እጇ መቆንጠጫውን ይዞ ወደ ሳህኑ ይሄዳል፣ ትመልሰዋለች፣ ልማድ ነው፣ ወጡ ሳያርር ማውጣት፣ ልጇ ሳታለቅስ ማንሳት፣ ሰው ሳይቆጣ ዝም ማለት፣ ወረቀት ድስት አይደለም ልጄ፣ አያርርም፣ ብለው ስቀውባት ነበር ጋሼ፣ ጥቁሩን ነፍገሽው ነጩ በምን ይታይ፣ ብለው የብርሃን ማጣሪያውን ጥቁርና ነጩን አጉልቶ በሚለየው ቀየሩላት። እስከ መቶ ሃያ ቁጠሪ። ትምህርቷ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም መቶ ሃያማ አያቅታትም፣ መጠበቁ ነው እንጂ።

ሰባ። ይሄን ጣጣ ያመጣችው ልጇ ናት፣ አያቴ ምን ትመስል ነበር ብላ ጠየቀቻት፣ የምታስታውሰው የእናቷን የመጨረሻ ዓመት ፊት ብቻ ነው፣ ጉንጯና ትራሱ አንድ ቀለም የሆኑበትን፣ የበፊቱ ፊት የት ገባ፣ የእናት ፊት ይረሳል እንዴ፣ የእናቷን የፎቶ ኔጋቲቭ ከሳጥን ሥር ስታገኝ ተገላገልኩ ብላ ነበር፣ ሦስቱ ወረቀት ግን ያንኑ የበሽታ ፊት መለሱላት።

መቶ አሥር፣ አትነኪውም፣ ይጥቆር፣ መቶ ሃያ።

ወረቀቱ ወደ ሁለተኛው ሳህን። ምስሉ ወደሚጸናበት ሦስተኛው። አሁን ብርሃን አይጎዳውም፣ አምፖሉን ታበራለች፣ ዓይኗን ግን ጨፍናለች፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጋሼ ይስላሉ፣ ትገልጣለች።

ጠጉሯ ጥቁር፣ የእውነት ጥቁር፣ ግንባሯ ወዝ አለው፣ እየሳቀች ነው፣ እየሳቀች ነው እንዴ፣ ጥርሷ ነጭ፣ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ፍንጭት፣ በአመዱ ውስጥ ያልታየው፣ በዚያ ዓመት ስላልሳቀች የተረሳው፣ ልጅሽ ፍንጭቱን ከማን አመጣችው ሰዎች ሲሏት እኔ እንጃ ትል የነበረው፣ እኔ እንጃ፣ ስንት ጊዜ እኔ እንጃ አለች።

አረረብሽ እንዴ ልጄ?

አላረረም ጋሼ፣ ትላለች፣ ስትስቅ በእጇ የምትሸፍነውን ከንፈሯን ዛሬ ሳትሸፍን ትስቃለች።