ጤነኛው ገዛኸኝ

ማክሰኞ ጠዋት ጤነኛው ገዛኸኝ ከስልኩ ወጥቶ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀመጠ። በሽተኛው አቶ ገዛኸኝ ከአልጋቸው ሆነው በተከፈተው በር አዩት። ብዙም አልደነገጡም፤ በቁጥር የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ልጃቸው አዜብ የስኳር ሕመም መከታተያ መተግበሪያ ስልካቸው ላይ የጫነችላቸው ቀን ነው። የመተግበሪያውን መልእክቶች በሥራዋ የምትጽፈው እሷ ናት። ጠዋት የተለካው ቁጥር ሲገባ፣ ደህና ከሆነ «ጎበዝ! ዛሬም ስኳርዎን አሸንፈዋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣል። ከበዛ ጽሑፉ ቀይ ይሆንና ለእሷም ይደርሳታል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት መቶ አርባ አስገቡ። አዜብ ሥራዋን ጥላ እያለቀሰች መጣች። ከዚያ ወዲህ የተለካው ምንም ይሁን መቶ አሥር ነው የሚያስገቡት።

ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ሲቀይሱ አንዲት ሴንቲ ሜትር ያልዋሹ ሰው! ግን እንዴት አደርክ ሲባል ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ውሸት ነው እንዴ? እሳቸው እንደዚያ ነው የቆጠሩት። የግራ እግራቸው ቁስል ግን ይሉኝታ የለውም፤ ጠቆረ።

ቅዳሜ አዜብ ስትመጣ ጤነኛው ሰውዬ ከሶፋው ተነሥቶ አቀፋት።

«አባዬ፣ እንዴት አምሮብሃል!»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ድምፁ ቁርጥ የእሳቸው ነው።

አቶ ገዛኸኝ ከመኝታ ቤት ተጣሩ። «አዜብዬ! እኔ እዚህ ነኝ። እግሬን እዪልኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።»

«ማነው?» አለች።

«ማንም የለም» አላት ሰውዬው።

አቶ ገዛኸኝ ስልኩን አንሥተው እውነተኛውን ቁጥር አስገቡ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ስልኩ ጥቂት ቆየና «ይህ ቁጥር የእርስዎ አይመስልም። እባክዎ በድጋሚ ያስገቡ» አለ። ይህንንም የጻፈችው አዜብ ናት፤ ሰው በስሕተት እንዳይደነግጥ ብላ፣ ስንት ቀን ተጨንቃበት። ደግመው አስገቡ። ያንኑ መለሰላቸው። ልጃቸው እንዳትሳቀቅ ሲሉ የዋሹትን፣ አሁን እሷው መልሳ ታስተምራቸዋለች።

አዜብ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። አባቷ ሳሎን ተቀምጧል፤ ለዓይኗ ባዶ የሆነው አልጋ ግን አልተነጠፈም። አንሶላውን እስከ ራስጌ ስባ ፊታቸውን ሸፈነችው። በላዩ ብርድ ልብሱን ዘረጋችበት፣ ትራሱንም አስቀመጠችበት። በግርጌ በግራ በኩል ብርድ ልብሱ አልስተካከል አላት።

በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አስተካከለችው።