የተጠራው መኪና

«ውረድ ብየሃለሁ!»

ደብረወርቅ የጋቢናውን በር በአንድ እጇ፣ የባሏን እጅጌ በሌላው ይዛ ትጎትታለች። ሹፌሩ ደሳለው አንድ እግሩን መርገጫው ላይ እንዳደረገ ከጠጉሩ የሩዝ ገለባ ያራግፋል። የገበሬ ማኅበሩ የጭነት መኪና ከትናንት ጀምሮ በሊቀ መንበሩ በማረው ጓሮ፣ ከገለባ ክምር ሥር ተቀብሮ ነበር። ዛሬ ግን ማረው ልጁን ይድራል። ሙሽራዋ ያለችው ከአዲስ ዘመን በላይ ከተራራው ስለሆነ፣ የተደበቀው ተገልጦ ሠርገኛ ተጫነበት።

መኪናውን ያስደበቀው አንድ ቃል ነው። ትናንት ከባሕር ዳር በጂፕ የመጣ መካኒክ ማረውን «በዚህ ዓይነት መኪና ሁሉ ላይ ጥሪ ወጥቷል» አለው። የወረታ ሰው ደግሞ ጥሪን አሳምሮ ያውቃል። የተጠራ ልጅ ይዘምታል፤ እናቱም ወይ ከጎታ ወይ ከደንገል ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ማረውም መኪናውን እንደ ልጅ ሸጎጠው። ለጠየቀ ሁሉ «ጎንደር ሄዷል» እንዲባል መንደሩን አዘዘ። ከሁሉ አብልጣ የፈራች ደብረወርቅ ነበረች፤ መኪና ከዘመተ ሹፌሩ አይቀርም።

ዛሬ ጧት ግን ያ መካኒክ፣ አያልነህ የሚሉት፣ ከአስፋልቱ ዳር አገኛትና መኪናው የት እንዳለ ጠየቃት። እሷም እንደታዘዘችው «ጎንደር ሄዷል» አለችው።

«በደኅና ከተመለሰ እግዜር ይወደዋል» አለና ከጂፑ ጥቁር የጎማ ቱቦ አውጥቶ አጠፈው። ቱቦው ተሰነጠቀ። «የፍሬን ዘይት የሚያልፍ በዚህ ነው። ፋብሪካው ሲሠራው ነው ያበላሸው። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ደጋግመው ሲረግጡት ይፈነዳል። የጠራነው አዲስ ልንቀይርለት ነበር።»

አሁን ግን ይኸን ለደሳለው ማስረዳት አቃታት።

«ቱቦውን ባይኔ አይቻለሁ» አለችው። «ሱሪህን የማጥብ እኔ ነኝ። ሰሞኑን ከመኪናው ሥር በተኛህ ቁጥር ዘይት ነክሮህ ትነሣለህ። ከየት ነው የሚፈስ?»

ደሳለው አቀረቀረ። ያውቃል። አፉን ሳይከፍት ማረው ጋቢውን እያጣፋ ደረሰ።

«ምንድን ነው ይኸ ጩኸት? ሠርግ ነው ለቅሶ?»

«ለቅሶ እንዳይሆን ነው፣ አያ ማረው። ጥሪ ማለት ጥገና ነው ብሏል ሰውየው።»

«የወንድሜንም ልጅ ‹ለስብሰባ› ብለው ነው የጠሩት። ይኸው እስተዛሬ ይሰበሰባል። ደግሞ ከጂፑ ወታደር የለም? እስኪ የለም በይ!»

ነበር። በኋላው ወንበር ጠመንጃውን አቅፎ የሚያንቀላፋ ወታደር ነበር።

«አየሽ!» አለ ማረው።

«ወታደሩን አይቻለሁ። ቱቦውንም አይቻለሁ። እርስዎ ያዩት ሙሽራዋን ብቻ ነው።»

የማረው እኅት ይርገዱ ከጭነቱ ላይ ሆና እልልታዋን አቋረጠች። «ተዋት እናንተ! ለሠርጉ ሳትጠራ ቀርታ አንጀቷ ቆስሎ ነው!»

ሠርገኛው ሁሉ አውካካ።

«አንችስ ወዴት እንደተጠራሽ ሳታውቂ ነው እልል የምትይ» አለች ደብረወርቅ።

«ደሳለው!» ማረው ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «የምትታዘዘው ለማኅበሩ ነው ለሚስትህ?»

ወንድን በሰው ፊት እንዲህ ብለው ከጠየቁት መልሱ የታወቀ ነው።

«ቀስ ብየ እነዳለሁ» አላት ደሳለው በለሆሳስ። «ፎገራ እንደሁ ሜዳ ነው።»

«ሙሽራዋን ሜዳ አወረዱልህ? ቀስ ብየ እሞታለሁ በለኛ!»

እጁን መንጭቆ ገባ። ሞተሩ አጉረመረመና ጠፋ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ሊገፉ ከኋላ ተሰለፉ።

ደብረወርቅ ወደ አስፋልቱ ገሰገሰች። ጂፑ አፍንጫውን ወደ ባሕር ዳር አዙሮ ሊነሣ ነው። ብትናገር ስሟ ጠቋሚ ይሆናል፤ ለጠቋሚ በወረታ እሳት እንኳ የሚሰጥ፣ ሬሳዋንም የሚያነሣ የለም። ይህስ ይሁን። ሰውየው ዋሽቷት ከሆነ ግን ባሏን በገዛ እጇ ለጦር ሜዳ መስጠቷ ነው። ከጓሮው «ሆ!» የሚል የገፊዎች ድምፅ ተሰማ፤ ተከትሎም ሞተሩ ተነሣ።

«ምነው እኅቴ?» አለ አያልነህ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። ወታደሩ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

ጣቷን ወደ ማረው ጓሮ ቀሰረች። «ጎንደር አልሄደም። አሁን ሰው ጭኖ ወደ ተራራው ሊወጣ ነው። ሹፌሩ ባሌ ነው።»

አያልነህ መሪውን ጠመዘዘ። «ገባኝ። አንች እዚሁ ቅሪ። አብረሽን ካዩሽ መንደርተኞቹ አይለቁሽም።»

«ይዩኝ» አለች፤ የኋላውን በር ከፍታ ከወታደሩ ጎን ተቀመጠች።