ከሳተላይቱ ጋር ያለኝ ጠብ

ከሳተላይቱ ጋር ከተጣላን ቆይተናል። በክረምት ጠዋት ቦሌ ላይ ሲያልፍ፣ ለመሬት የቀረበውን አየር ከእውነቱ ይልቅ አቀዝቅዞ የሚያይ ይመስለኛል። ባለቤቶቹ ግን "ማስረጃሽን አምጪ" ይሉኛል። የዓለም ሙቀት ጨመረ አልጨመረ የሚባለው በእሱ ዓይን ስለሆነ በወሬ አይፈረድበትም። ማስረጃው ደግሞ ፊኛ ነው፤ እኛ የሜትሮሎጂ ሠራተኞች ሳተላይቱ በአናታችን ሲያልፍ የሙቀት መለኪያ አስረንበት እንለቀውና፣ ላይ ወጥቶ እስኪፈነዳ ድረስ የሁለቱን ቁጥር እናስተያያለን። እኔ አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ ብዬ እጠብቅ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጉም ቦሌን ውጧት ነበር። አውሮፕላኖቹ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም፤ የአትላስ ፎቆች ከወገባቸው በላይ የሉም። እኔ ፊኛውን ስሞላ፣ በቅርቡ ከሌላ ክፍል ተዛውሮ የመጣው ባልደረባዬ ሚስባህ መለኪያውን ይዞ ደጅ ቆመ። ሚስባህ ጢሙ የሚያስፈራ የልጆች አባት ነው። መለኪያው ከመለቀቁ በፊት የውጭውን አየር መልመድ አለበት።

ለቀቅነው። ነጩ ፊኛ ምንም ሳይቸኩል፣ በሕልም እንደሚታይ ነገር፣ ጉሙ ውስጥ ገባ። ቢሮ ገብተን መለኪያው ወደ ኮምፒውተሩ የላከውን ሳይ ልቤ ዘለለ። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ሳተላይቱ ካለው በሁለት ዲግሪ ይሞቃል!

"ያዝኩህ!" ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ለሳተላይቱ ባለቤቶች መልእክት መጻፍ ጀመርኩ።

"ትርሓስ" አለ ሚስባህ ከኋላዬ። "ጃኬቴ ውስጥ ይዤው ነበር።"

"ምኑን?"

"መለኪያውን። ካፊያው፣ ብርዱ... አሳዘነኝ። እስክንለቀው ድረስ ደረቴ ላይ ነበር።"

ለካ ያነበብኩት የቦሌን አየር ሳይሆን የሚስባህን ብብት ኖሯል። እርር ድብን አልኩ። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ብልከውስ? በጣም ፈልጌው ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የጻፍኩትን አጠፋሁና "የዛሬው አይቆጠር፣ ስህተቱ የእኛ ነው" ብዬ ላክሁ።

ልቆጣው ዞርኩ። እሱ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ፊኛው ከጉሙ በላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ገና እየወጣ ነው።

"እላይ ሲደርስ ብርዱ ስንት ይሆናል?"

"ከዜሮ በታች ሰባ።"

"ያ ረቢ" አለ ቀስ ብሎ። "ብቻውን።"

ቁጣዬን ፈለግኩት፤ አጣሁት። ወንበር ሳብኩለት።

"ተቀመጥ" አልኩት። "እስኪፈነዳ አብረነው እንቆያለን።"